ለአንተ የተረፈው ውሃ

...ገመዱ ሲያጨስ ነው ያየሁት ብለኸኝ ነበር ያን ቀን። በጦር የተወጋው ዓሣ ነባሪ ወደ ታች ሲሰምጥ፣ ገመዱ የጀልባዋን ጠርዝ እየፈተገ ሲያጨስ፣ የአባዬ እግር በገመዱ ተጠልፎ፣ ቢላዋው በእጅህ... ከዚያ ወዲያ ያለውን ዛሬም አልጠይቅህም።

ወንድምዬ፣ እንደምን ከረምክ? የኩፓንግ ከተማ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? የአናጢው ቤት ሥራ ተስማማህ? ሳልህስ ተወህ? እኛ እዚህ በደሴታችን በሌምባታ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል። ቢሆንም ደረቅ ዓሣዋን በጭንቅላቷ ተሸክማ ወደ ተራራው ገበያ ትወጣለች፤ በበቆሎ ለውጣ ትወርዳለች።

ጀልባችን ግን ባዶዋን እየተመለሰች አስቸገረች። ቂም የተሸከመችን ጀልባ ባሕሩ እንደማያበላት ታውቃለህ። አንድ ጠዋት የጀልባችን ሽማግሌ አባባ ጎሪስ ቀዛፊዎቹን አስከትሎ መጣና ደጃፋችን ላይ ቁጭ አለ። አንቺ ሴት፣ ባልሽ የተጠለፈበትን ገመድ የቆረጠው ልጅሽ ነው፤ ባልሽ ከዓሣ ነባሪው ጋር ሰመጠ፣ እኛ በልጅሽ ቢላዋ ተርፈናል፤ አንቺ ግን በሆድሽ የያዝሽው ቂም ካለ አውጪውና እንብላ አላት። የለም አለች። ፈልጊ አላት። ፈለገች፤ እውነቴን ነው፣ ዓይኗን ጨፍና ፈለገች። ከዚያ፣ አንድ አለ፤ ጎሪስ፣ በሠርጌ ዓመት የወሰድከውን ድስት እስከ ዛሬ አልመለስክም አለችው። ቀዛፊዎቹ በሳቅ ፈረሱ።

ጎሪስ አልሳቀም። ድስቱን ሚስቴ ትፈልገው አለና፣ እንግዲያው ቂሙ ያንቺ አይደለም፤ ልጁ ነው በራሱ ላይ የያዘው አለ። ሁሉም አቀረቀሩ።

እማዬ ጀልባዋ ወደ ተጠለለችበት ዳስ ወረደች። ቂም የሌለው የሚጠጣውን የእርቁን ውሃ ከኮኮናቱ ቅል ጠጣች፤ ግማሹን አስቀረችው። ይሄ የልጄ ነው አለች። በቅጠል ተከድኖ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጧል። ሲጎድል አባ ዶናቱስ ይባርኩና ይሞሉታል። ሌላ ሰው ይጠጣለት ያሉም ነበሩ፤ ጎሪስ ግን በሰው ጥም ሰው አይጠጣም ብሎ ከለከለ። እስከ ቀጣዩ ሳምንት እሁድ መጥተህ ካልጠጣኸው ቀዛፊዎቹ ወደ ሌሎች ጀልባዎች ይበተናሉ። የአባዬ ጀልባ ያን ጊዜ ማገዶ ናት።

ይህን ልነግርህ አልነበረም ብዕር ያነሳሁት። ስለ በሩ ነው።

ከሄድክበት ጠዋት ጀምሮ አልተዘጋም። ጎረቤታችን ዊልሄልሚና ዶሮሽ ሁሉ ያልቅብሻል እያለች ትቀልድባታለች። ዶሮ መንገዱን ያውቃል ትላታለች እማዬ። እኔም፣ ኧረ ነፋሱ አልኳት። እሱ ሲገባ ይዘጋዋል አለችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

አባ ዶናቱስ ስለ እግዚአብሔር መንግሥት ሲሰብኩ ሁልጊዜ ከባሕሩ ማዶ አድርጌ ነበር የማስበው። ደመና፣ መለከት፣ ወርቅ። ባለፈው ግን ዙፋኑ የሚተከለው በሰው ልብ ውስጥ ነው ሲሉ ወደ እማዬ ዞርኩ። እንቅልፍ ወስዷታል። አፏ ትንሽ ተከፍቶ፣ እጆቿ ዓሣ ዓሣ እየሸተቱ። መንግሥቱ ሲያንቀላፋ አየሁት።

እንዴት አልተቆጣሽም ብዬ ጠይቄያት ነበር። ተቆጥቻለሁ እንጂ አለችኝ። ልቤ ውስጥ አባትሽ አለ፣ ወንድምሽም አለ፣ ቁጣውም ተጨመረ። ጠበበ። ክርስቶስ የት ይቀመጥ? ከሁለቱ አንዱን ማስወጣት አቃተኝ፤ ቁጣውን አስወጣሁት። ቤት እንደሚጠርግ ሰው ነው የተናገረችው።

እኔ እንደ እሷ አይደለሁም። በሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እደነግጣለሁ። ትመጣለህ ብዬ ይሁን አትመጣም ብዬ፣ አልለየሁትም።

የኩፓንጉ መርከብ ሲጮህ ሰምቻለሁ፤ ደርሷል። ሲመለስ ይህን ይዞልህ ይሄዳል። ባሕሩ ይራራልህ። እመቤታችን እጅህን ትባርክልህ፣ ቢላዋውን የያዘውን እጅህን።

ታናሽ እህትህ

እማዬ ጓሮ ዓሣ እየገለበጠች ነው። እኔ ጓዳ ነኝ። ዛሬ ነፋስ የለም።

በሩ ተዘጋ።