ስልሳ አራት ኮር፣ አንድ ቁልፍ

ሰኞ
ሳሙኤልን ትናንት ቀበርነው። ዛሬ ቢሮ ስገባ ጃኬቱ ወንበሩ ላይ አለ። አላነሳሁትም።

አዲሱ ሰርቨር ስልሳ አራት ኮር አለው፤ ጎን ለጎን የሚሠሩ ስልሳ አራት አንጎሎች በለው። ሳሙኤል ከርነሉን፣ ሥራ ለኮሮቹ የሚያከፋፍለውን ፕሮግራም ማለት ነው፣ ሁለት ዓመት ሲጽፍለት ነበር። ጉዱ ግን ስምንቱ ብቻ ሲሠሩ ይፈጥናል፣ ስልሳ አራቱ ሲነሱ ይንቀራፈፋል። አለቃችን "እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ የሳሙኤልን ጥለን የድሮውን እንጭናለን" አለ። ገና አፈሩ ሳይደርቅ! ከዚያ ለአንድ ለአምስት ስብሰባ ጠራን።

ማክሰኞ
ችግሩ ገባኝ፤ መፍትሔው ግን አልገባኝም። ኮሮቹ ሁሉ ሥራ የሚወስዱት ከአንድ ወረፋ ነው፤ ወረፋው ላይ ደግሞ አንድ ቁልፍ አለ። አንዱ ሲገባ ሌላው ደጅ ይጠናል። ስልሳ አራት ሠራተኛ ለአንድ አካፋ። ቁልፉን ባነሳው ማሽኑ ቀጥ አለ። ሦስት ጊዜ።

ሳሙኤል ሆስፒታል ሳይገባ "አንድ ሐሳብ አለኝ" ብሎኝ ነበር። "ሲሻልህ ትነግረኛለህ" አልኩት። ከዚያ ነገ እጠይቀዋለሁ ስል ሁለት ሳምንት አለፈ። ራሴን ጠላሁ።

ረቡዕ
ከሥራ ወደ አቃቂ፣ ለቅሶ ቤት። እናቱ እማማ ዘነበች አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ሳሚዬ በመጨረሻው ቀን ስለ ቁልፍ ነበር የሚያወራው" አሉ። "'አንድ ቁልፍ ለሁሉም አይበቃም፣ ለየራሳቸው ስጧቸው' ይላል። የግቢው በር ነዋ! ተከራዮቹ ሁሌ ይጨቃጨቁበታል። ለስድስቱም አስቀረጽኩላቸው። ኑዛዜው አይደል?"

ድንገት ገባኝ፤ አለቀስኩ። እሳቸው ስለ ደግነቱ ያለቀስኩ መሰላቸው። ደግም ነበር። አላረምኳቸውም።

ሐሙስ
ለየኮሩ የራሱ ወረፋ፣ የራሱ ቁልፍ። ሥራ የፈታ ከጎረቤቱ ይውሰድ። መጻፉ ቀላል ነው፤ ስህተቱን መልቀም ነው መከራው። መብራት ሁለቴ ሄደ። ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ
ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ስልሳ አራቱም ተነሱ። አልተንቀራፈፈም! አለቃችን ደጋግሞ አስሞከረኝና "በቃ፣ የሳሙኤል ይቀጥል" አለ። ሰው አጨበጨበ።

እኔ ስልኬን አንስቼ ደወልኩ። በልማድ፣ ሳላስበው፣ ለሱ።

እናቱ አነሱት። "አቤት፣ ማን ልበል?"

"ሠራ" አልኩ ብቻ።

ምን እንደሠራ አልጠየቁኝም። "ተመስገን፣ ልጄ" አሉ። ስልኩን ግን አልዘጉትም። እኔም አልዘጋሁትም።