ስለ ዝምተኛው ብስክሌት ለሕንጻችን ኮሚቴ ሰብሳቢ

ለተከበሩ የሕንጻችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ በተለይም ጆሮዎ፣ እንደምን ሰንብቷል? የአንድ ጎማን መሽከርከር ከኮንክሪት፣ ከምንጣፍና ከተከፈተ ቴሌቪዥን ባሻገር ለይቶ የሚሰማ ጆሮ የሕንጻው ሁሉ ሀብት ስለሆነ፣ ፈጣሪ ከክፉ እንዲጠብቅልን የዘወትር ምኞቴ ነው።

እኔ ከራስዎ በላይ ባለው ቤት የምኖረው፣ ዳቦ ቤት ሌሊት የምትሠራዋ ሴትዮ ትንሹ ልጅ ነኝ። ትልቁ እንደሌለ ያውቃሉ። ይህን ደብዳቤ በበርዎ ሥር በማሾለክ ፈንታ በሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ግድግዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። ሊፍቱ ከቆመ ወዲህ ሰው ሁሉ ትንፋሹን የሚሰበስበው እዚያ በመሆኑ፣ ኮሚቴዎን እያመሰገነ የሚያነበው ነገር እንዳያጣ ብዬ ነው።

በሦስተኛው ማስጠንቀቂያዎ እንደገለጹልኝ፣ ቤታችን ውስጥ የሚጋለበው ብስክሌት ከሕንጻው እንዲወጣ በቅዳሜው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል። እኔ ገና ተማሪ ስለሆንኩ እጅ ማውጣት አልችልም፤ እናቴም በዚያ ሰዓት ተኝታ ትሆናለች። ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን አስቀድሜ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ወንድሜን የመንገዱ ማዞሪያ ላይ የጭነት መኪና የገጨው ጊዜ ኮሚቴው በሙሉ መጥቶ ሶፋችን ላይ ስለተቀመጠ እናመሰግናለን። ሲወጡ የእናቴን ትከሻ ይዘው «አይዞሽ እህቴ» ካሉ በኋላ፣ በዚያው ትንፋሽ «ኮሪደሩ ላይ ያለው ብስክሌት ግን መተላለፊያ ዘግቷል» ማለትዎ፣ ኀላፊነት የሚሰማው ሰው በሐዘን ቤት እንኳ ሥራውን እንደማይረሳ አስተምሮኛል። የሚወዳደርበት ብስክሌት አብሮት ተቆራርጧል። ኮሪደሩ ላይ የነበረው ከአሮጌ ዕቃ ለቃቅሞ በገዛ እጁ የገጣጠመው ነው። ትእዛዝዎን አክብሬ ወደ ክፍላችን አስገባሁት። ዛሬ ከክፍላችን ይውጣ ሲሉ፣ ያስገቡት እርስዎ መሆንዎን ለማስታወስ ያህል ነው።

2. ብስክሌት ቤት ውስጥ ምን ይሠራል ብለው መጠየቅዎ ተገቢ ነው። መልሱ ያለው እናቴ ዘንድ ነው። መንገድ ላይ መጋለብ ልጀምር ስላት፣ ሊጥ ከጣቶቿ ሳታስለቅቅ «መንገድ አንዱን ወስዷል፤ ሁለተኛውን ከፈለገ ሳሎን ድረስ ይምጣ» አለችኝ። በዚህ የተነሳ ትሬነር ገዛሁ። ትሬነር ማለት የብስክሌቱን የኋላ ጎማ አንቆ ይዞ፣ አንድ ስንዝር ሳያራምድ የሚያስጋልብ ብረት ነው። ብዙ ላብ ያፈሳል፣ የትም አያደርስም፤ ኮሚቴዎን በቅርብ ለሚከታተል ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

የመጀመሪያው ትሬነር በማራገቢያ የሚሠራ ነበርና ስረግጠው ሄሊኮፕተር ሳሎናችን ውስጥ ለማረፍ ቦታ የሚፈልግ ይመስል ነበር። እውነት ለመናገር የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያዎ ልክ ነበር። እርስዎ ልክ የሆኑበት ጊዜ መመዝገብ ስላለበት እነሆ መዝግቤዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የትሬነር ዓይነቶችን ያጠናሁትን ያህል ለፈተና አጥንቼ ቢሆን ኖሮ መምህሮቼ በደስታ ባለቀሱ ነበር። በማግኔት የሚሠራው ከማራገቢያው ይሻላል፣ ግን ያንሾካሹካል። በወፍራም ዘይት የሚሠራው ከማግኔቱም ይሻላል። ከሁሉም ዝም የሚለው የኋላውን ጎማ ጨርሶ አውልቀው ሰንሰለቱን በቀጥታ የሚያስሩበት ዓይነት ነው። ሻጩ እሱኑ ሲያሞካሽልኝ «ድመት በካልሲ ናት ወንድሜ» አለኝ። ልገዛው ደርሼ ነበር። ይሁንና ያንን ጎማ ወንድሜ ወጥ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጥፍሩ እየነካ ድምፃቸውን እያዳመጠ ነው ያቃናው፤ እናቴ ደግሞ ድስት ይዛ በላዩ እየተሻገረች ትራገም ነበር። አውልቄ አልጋ ሥር ልከተው አልቻልኩም። ስለዚህ የዘይቱን ወሰድኩ፤ የወንድሜ ሽቦዎች እንዳሉ ሆነው ከላያቸው ጥርስ የሌለው ለስላሳ ጎማም አስገጠምኩለት። ወደ እርስዎ የሚወርደው ከጩኸቱ ይልቅ የወለሉ መንቀጥቀጥ መሆኑን ስረዳ ደግሞ ከሥሩ ወፍራም የላስቲክ ምንጣፍ፣ ከላስቲኩም ሥር የወንድሜን ፍራሽ አነጠፍኩ። ፍራሹ ሥራ ፈትቶ ነበር።

3. ስለ ድምፅ አጣሪው ቡድን ልዩ ምስጋና አለኝ። እርስዎ፣ ገንዘብ ያዡና ጥበቃው ሳሎንዎ ውስጥ ቆማችሁ ጣሪያ ጣሪያውን ስታዳምጡ፣ እርስዎ ጣትዎን ቀስረው «ይኸው፤ ሰማችሁ?» ማለትዎን፣ ሁለቱም «ሰምተናል» ማለታቸውን፣ ቃለ ጉባኤውም «ከባድ የጎማ ጩኸት መኖሩ ተረጋግጧል» ብሎ መጻፉን ከማስጠንቀቂያው ጋር በተያያዘው ቅጂ አንብቤአለሁ። በዚያን ቀን ብስክሌቱ ለስላሳውን ጎማ ሊገጠምለት ጋራዥ ውሎ ነበር። ሳስወጣው በሩን ከፍቶ የያዘልኝ ራሱ ጥበቃው ነው። ለምን እንዳልተናገረ ብጠይቀው «ሰብሳቢው ሰማሁ ካሉ እኔ ማነኝ የማልሰማ?» አለኝ፤ ለቅን አገልግሎቱ ሊሸለም ይገባዋል። የሰማችሁት እርስዎ በግል ክትትልዎ ያስጠገኑት የውሃ ፓምፕ ነው። ከተጠገነ ወዲህ ድምፁ በጣም አምሮበታል።

4. ይህን ቁጥር እናቴ አንብባ «ትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም» ብላ ሰርዛዋለች። ስለ ገንዘብ ያዡ ነበር።

5. አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያዎ ድምፁ ከክፍሉ ደጃፍ እንዳያልፍ ያዛል። ተሳክቶልኛል። የትሬነሩ ድምፅ አሁን ከደጃፉ አያልፍም፤ በሩ ከተዘጋ ማንም ሰው ውስጥ ሰው አለ አይልም። ችግሩም ይኸው ነው።

እናቴ ሌሊቱን ስትጋግር አድራ ቀን ትተኛለች። ወንድሜ ካለፈ ወዲህ ግን እንቅልፍ እምቢ ብሏት ጣሪያ ስታይ ነበር የምትውለው። ያ ሄሊኮፕተር የገባ ሰሞን፣ እርስዎ ከታች ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ሲደበድቡ፣ እሷ ከግድግዳው ማዶ ተኝታ ታንኮራፋ ነበር። ነገሩ ያኔ አልገባኝም። ዝምተኛው በመጣበት በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ላብ ሳይወጣኝ በሩ ተከፈተ። ነጠላ ጫማዋን ሳታደርግ ቆማለች። «አለህ?» አለችኝ። «አለሁ» አልኳት። ዘግታ ሄደች። ጥቂት ቆይታ እንደገና መጣች። «አለህ?» በሦስተኛው አልጠየቀችኝም፤ በሩን ተደግፋ ጎማውን ስታይ ቆየች። ያን ዕለት ሳትተኛ ሥራ ገባች፤ በነጋታውም እንዲሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ክንዷን ምድጃው አቃጥሏት መጣች።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ጎማው ሲጮኽ ለእርስዎ ረብሻ ነው፤ ለእሷ ግን ልጇ መንገድ ላይ እንደሌለ የሚነግራት ወሬ ነው። እኔ ከሁለታችሁ መካከል ነኝ። ለጆሮዎ ስል ዝምተኛውን ትሬነር መርጫለሁ፤ ለእሷ ደግሞ ትንሽ ድምፅ፣ አንድ ግድግዳ ብቻ የምታልፍ፣ ያስፈልገኛል። ብስክሌቱን ቅዳሜ በድምፅ ብልጫ ብታስወጡት የምሄድበት አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ እሱም ማዞሪያው ነው። እጃችሁን ስታወጡ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን ብቻ እንድታስቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ይህን አረፍተ ነገር ያለ ፌዝ ነው የጻፍኩት።

ጆሮዎ እንደተሳለ፣ ማኅተምዎ እንደረጠበ፣ ወንበርዎም ከእርስዎ ሳይለይ ረጅም ዘመን ይስጥልኝ እያልኩ፣

ከራስዎ በላይ ሆኖ የትም የማይደርሰው ታዛዥ ጎረቤትዎ

ማስታወሻ፦ መፍትሔ ሳላገኝ አልቀረሁም። ሦስተኛውን ማስጠንቀቂያዎን አጥፌ በልብስ መቆንጠጫ ከኋላው ጎማ አጠገብ ሰካሁት። ጎማው ሲዞር ሽቦዎቹ እየመቱት ጠር ጠር ይላል፤ እናቴ ክፍል ይደርሳል፣ ከዚያ አያልፍም። ይህንንም ባለቤትዎን በአክብሮት ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ «ከላይ ምንም አይሰማኝም ልጄ፤ ከጎኔ የሚያንኮራፋውን ብታስታግሥልኝ ነበር» ብለውኛል። መጀመሪያ የሰካሁት የሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ወረቀት ስስ ስለነበር በአንድ ቀን ተቀዷል። የሦስተኛው ግን ወፍራም ነው፤ ማኅተም ያረፈበት ቦታ ደግሞ ይበልጥ ይጠነክራል። እናቴ ትናንት በእሱ እስኪመሽ ተኝታለች። ስለዚህ አራተኛውን ለመጻፍ ካሰቡ፣ እባክዎ በዚያው ወረቀት ይሁን፤ ማኅተሙንም ሁለት ጊዜ ይምቱልን።