የእንቁ በሶ

አጅባር፣ ጥር ፲፭ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

የእናቴ ምትክ ለሆንሽው እታለም፤

አብዮታዊ ሰላምታውን ለመሥሪያ ቤት ትቼ፣ እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ እንዴት አደረጋችሁ? ላሚቱ ወለደች ወይ? እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው። የመሠረተ ትምህርት ሠርተፊኬት ማግኘትሽን፣ ሁሌ ደብዳቤ የሚያነብልሽ ቢተው ነገረኝና በደስታ አለቀስኩ። ፊደሉን አጉልቼ የጻፍኩት ራስሽ እንድታነቢው ነው። ለቢተው እንኳ አታሳዪው።

ትዝ ይልሻል የኮሶ ቀናችን? ኮሶ የጠጣ ሰው ለሥራ አይጠራምና ደጃፍ ላይ ቆመሽ የሚመጣውን ሁሉ ትመልሺልኝ ነበር። ያንተ ኮሶ አረም ሲደርስ ይብስበታል እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ሲያሽረኝ ደግሞ ዶሮ! ለዚያች ዶሮ ስል ምሬቱን በአንድ ትንፋሽ ነበር የምጨልጠው። ያ ሳቅሽ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ለልጅሽ ለትንሿ ሐረግ የላክሁትን የትል ክኒን በመንገደኛ መለስሽው። የበኩር ልጄን እንቁን በእጄ በኮሶ ገድያለሁ፣ ዳግመኛ ለልጅ መድኃኒት አልሰጥም አልሽ አሉ። እታለም፣ በምሠራበት በዚህ ክሊኒክ ስንቱን ሆድ አየሁ። ትል በጥጋብ ቀን ከእኛ ጋር ይበላል፤ በረሃብ ቀን እኛኑ ይበላል። የጠገበ ልጅ ተሸክሞት ይሮጣል፣ የተራበውን ግን ይጥለዋል። በስልሳ አምስቱ ረሃብ እንቁን ያመነመናት እሱ ነው። ኮሶውን የሰጠሻት ልክ እናታችን እንደምትሰጠን ነው። ኮሶ ግን ከኋላው እህል ይፈልጋል።

ይህንንማ አንቺም ታውቂ ነበር። የአንገትሽን ማርዳ ልትሸጪ መካነ ሰላም ገበያ ስትሄጂ፣ ስትሽር ስጣት ብለሽ አንዲት እፍኝ በሶ ትተሽልኝ ሄድሽ። ከዚያች ሌላ በቤቱ እህል አልነበረም። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሁለት ቀን ምንም አልቀመስኩም። ስትመለሺ በላች ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ አዎ አልኩሽ። በማግስቱ ቀበርናት።

ክኒኑን መልሼ ልኬዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሐረግን እንቁላልና ባቄላ መግቢያትና በራስሽ እጅ ስጫት። እጅሽ አላጠፋም፤ ያጠፋው የእኔ ነው።

በመጣሁ ቁጥር ለስንቅ የምትቋጥሪልኝን በሶ አንድ ቀን እንኳ በአፌ አላደረግኩትም። ለፋሲካ እመጣለሁ። በሩን ከከፈትሽልኝ እገባለሁ።

እግዚአብሔር ሐረግን ያሳድግልሽ፤ ለእኔም አንቺ የምትፈርጂውን ያድርግብኝ።

አምነሽ ያሳደግሽው ወንድምሽ