ሥሩ ያልያዘ ችግኝ

ጅቡቲ፣ ሆዳን

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ። የእማዬ ጉልበት ተሻላት? ያ ሳልሽስ ለቀቀሽ? እኔ ሙቀቱ ቢያደክመኝም ደህና ነኝ፤ አምላክ ይመስገን።

ፍስሐ ትናንት የመኪናውን ጭነት ሊያራግፍ ዶራሌ ወደብ ሲደርስ ደወለልኝና፣ «እህትሽ ትምህርቷን ትታለች፤ ልብሷን ሸክፋ እየጠበቀችኝ ነው። በሚቀጥለው ጉዞ ይዣት ልምጣ?» አለኝ። እንግዲህ የምልሽን ረጋ ብለሽ አንብቢው።

የአሠሪዬ ልጅ ሱሪያ አሥር ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ ልጆቹን ባሕር ዳር እየወሰደ ማንግሮቭ ያስተክላቸዋል፤ ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል፣ ማዕበል የሚያበርድ፣ ለዓሣ መጠለያ የሚሆን ዛፍ ነው። ችግኙን ያፈሉት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፣ በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ። እናቶች አብረው እንዲሄዱ ተነግሮ ነበር፤ የሱሪያ እናት ሥራ ስላለባት እኔን ላከችኝ። ችግኝ ተከላ ሲሉኝ እኔ አንድ ጀሪካን የቧንቧ ውሃ ተሸክሜ ሄድኩልሽ! ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። መምህራቸው ዓብዱሰመድ፣ «ኤዶ፣ ይሄ የሚጠጣው ባሕሩን ነው፤ ያንቺን ለነዚህ ሳቂዎች አጠጪልን» አለኝ። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ ችግኞቹን አንድ በአንድ እያነሳ ሥራቸውን አየ። የሱሪያ በቁመት ከሁሉም ይበልጣል፤ ሥሩ ግን ገና አፈሩን አልያዘም። «ይሄ ለከርሞ ይቆይ» አላት። አኮረፈች። ዞር ሲልላት ጭቃውን በእጇ ቆፍራ ተከለችው። አየኋት። በሰው ቤት የሚያድር ሰው የአሠሪውን ልጅ «ተይ» አይልም። ዝም አልኩ።

በሳምንቱ ስንመለስ የሌሎቹ ቆመዋል፤ የሷን ባሕሩ ነቅሎ ወስዶታል። ጉድጓዱ እንኳ አልቀረም። አለቀሰችና ወደኔ ዞራ፣ «አይተሽኝ ነበር! ለምን ተይ አላልሽኝም?» አለችኝ። ልጅ ናት፤ ግን እውነቷን ነው።

ስለዚህ ላንቺ ዝም አልልም። ተይ፣ አትምጪ። ቁመትሽ አያታልልሽ። እዚህ የምትተኚው ወጥ ቤት ወለል ላይ ነው፤ ስምሽ የሚጠራው ሥራ ሲኖር ብቻ ነው። እኔ ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ አንቺ ግን ዴስክ አለሽ፣ የሚያስተምርሽ ሰው አለሽ። ፍስሐን «ከጫንካት ዓይንህን አላይም» ብዬዋለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ብቻ ሊያደርስ ምሎልኛል።

ትናንት ፍስሐ እንደዘጋ ስደውልልሽ፣ «እናቴ ነሽ እንዴ የምታዢኝ?» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ወደዚህ የመጣሁ ቀን አንቺ እማዬ ጀርባ ላይ ነበርሽ። ባቡሩ ከአዋሽ ተነስቶ ድሬዳዋ እስኪገባ የቀሚሴ ደረት እርጥብ ነበር፤ በእንባ አይደለም። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ነጠላቸውን አውልቀው ደረቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ፤ ምንም አልጠየቁኝም።

ሰኞ ክፍልሽ ግቢ። የእማዬ ምርቃት አይለይሽ፤ ክፉ አይንካሽ፤ ከኔ ዕድሜ ላይ ተቀንሶ ላንቺ ይጨመር።

ከልቤ የማትወጪው፣
እህትሽ