ኤሜት ቁርስ ላይ ነው

ለተከበሩ አቶ ፕሬስኮት ሄይንዝ፣ የ«ኦሪዮል» መዝናኛ መርከብ የእንግዶች አገልግሎት ኃላፊ
ካሉበት

ክቡርነትዎ፤ ይህ ግልጽ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ባሕሩ የረጋ፣ የሚጋደሙበት ወንበርም የማያጡ እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። ከጋልቬስተን ወደብ በተነሣው ጉዟችሁ ላይ ባሌን ያጣሁት ሎርና ድቮራክ ነኝ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በተራ አቀርበዋለሁ።

1ኛ/ «ባለቤቱ አጠገቡ የሌለ ወንበር ይለቀቃል» የሚለውን ደንባችሁን በሚያምር ሰሌዳ ጽፋችሁ መዋኛው ዳር ስላቆማችሁልን አመሰግናለሁ፤ እርጥብ ፎጣ ለማስጫ እጅግ ምቹ ነበር። ባሌ ኤሜትም ደንቡን እንደ ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ አክብሮ፣ በየማለዳው ለሁለታችን ወንበር ይይዝ ነበር። ፎጣ ያነጥፋል፣ በልብስ መቆንጠጫ ያስይዛል፣ ነጠላ ጫማውን ግራውን በቀኙ ላይ አነባብሮ ያስቀምጥና ሌላ ጫማ አድርጎ ቁርሱን ሊበላ ይወርዳል።

2ኛ/ ከቁርስ ሲመለስ ደረጃው ላይ ልቡ ቀጥ ባለበት ቀን፣ ሐዘናችሁን በፍጥነት ገልጻችሁልኝ የዳንስ ውድድራችሁን ደግሞ ከዚያ በበለጠ ፍጥነት ስለቀጠላችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እሱ ከታች በማቀዝቀዣ፣ እኔ ከላይ በክፍሌ ሆነን ሽርሽራችንን ጨረስን።

3ኛ/ በማግስቱ ማለዳ ክፍሉ ጠቦኝ ወደ መዋኛው ወጣሁ። ሁለቱ ወንበሮቻችን ተይዘው ነበር። ፎጣው ተነጥፏል፤ ነጠላ ጫማው ግራው በቀኙ ላይ ተነባብሯል። የሌላው ሰው ፎጣ ሁሉ በጤዛ ርሶ ሳለ የእሱ ደረቅ ነበር፣ ሞቅም ይል ነበር። ፈራሁ፤ ግን ተቀመጥኩ። አንዲት የአላባማ ሴት መጥታ «ስሚ እንጂ የኔ እመቤት፣ ይሄ ሰውዬ ወንበር ይዞ የት ነው የሚጠፋው? መርከቡን ገዝቶታል እንዴ?» አለችኝ። «ቁርስ ላይ ነው» አልኳት። «ቁርስ ነው ወይስ ሠርግ?» ብላ እያጉረመረመች ሄደች። የሰው ፎጣ ማንሣት እኛ መንገደኞች ዘንድ ትልቅ ነውር ነውና አልነካችውም። ጋልቬስተን እስክንደርስ በየማለዳው እንዲሁ ሆነ።

4ኛ/ ሠራተኞቻችሁ አዝነውልኝ ያደረጉት መስሎኝ የምስጋና ቃል ብልክ፣ ቢሮዎ «የሟች ንብረት በዚያው ሰዓት ተሰብስቦ ተቆልፎበታል፤ ደንባችን ተከብሯል» ሲል መለሰልኝ። እውነት ነው፤ ወደብ ላይ በተሰጠኝ የታሸገ ከረጢት ውስጥ ነጠላ ጫማው ነበረ። ደንባችሁ በሕይወት ባለ ሰው ላይ አንድም ቀን ሳይሠራ፣ ለሞተ ሰው ሲሆን እንዲህ መትጋቱ አስደንቆኛል።

ክቡርነትዎ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የሚያስፈራኝ መምጣቱ አይደለም። ሁለት ወንበር ይዞ እየጠበቀኝ እኔ መቅረቴ ነው የሚያስፈራኝ። ስለዚህ ለሚቀጥለው ጉዟችሁ ተመዝግቤአለሁ፤ እስክደርስ ድረስ ወንበሮቻችን እንዳይለቀቁብን በትሕትና እለምናለሁ።

ለደንብዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣ ፎጣዬን አጣጥፌ እጅ የምነሣ፣

ሎርና ድቮራክ
ቪክቶሪያ፣ ቴክሳስ

ማሳሰቢያ፦ ሠራተኞችዎ ፎጣውን ቢያነሡት በማግስቱ ተነጥፎ ስለሚገኝ ባይደክሙ ይሻላል። «ባለቤቱ የት ነው?» የሚል ካለ፣ ቁርስ ላይ ነው በሉልኝ።