ዳማ የጠጣው ውሃ

ጎረቤላ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለመስከረም ወልደተንሣኤ
ሎግያ፣ ከባድ መኪና ከሚጠገንበት ጋራዥ

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጀምርም። ደህና መሆንሽን ምህረቱ ነግሮኛል፤ የጅቡቲ መስመር ሾፌሩ፣ የደብረ ሲናው። «ጋሼ፣ ልጅዎ ፀሐይ አክስሏት፣ ቱታ ለብሳ፣ ከተሳቢ ሥር ተንጋላ አየኋት። ሾፌሩ ሁሉ መኪናዬን እሷ ካልነካችው እያለ ይሰለፋል» አለኝ። «የማንን ልጅ ነው የምታወራው?» አልኩት። ይህንን ወረቀት የሚያደርስልሽም እሱ ነው፤ ሌላ የማምነው ሰው ስላጣሁ እንጂ አፉስ ሰፊ ነው።

ስልክ እያለው ለምን ወረቀት ትዪ ይሆናል። በእናትሽ ተዝካር ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ከእንግዲህ ድምፄን አትሰሚም» ብዬ በሚካኤል ምያለሁ። እኔ መሐላ አልበላም። ወረቀት ግን ድምፅ የለውም፤ አስቤበት ነው። አንቺም አልደወልሽም። አይ! ልጄ ነሻ።

ደግሞ ለሰው አላስጻፍኩም። የቤቴን ጉድ ለጸሐፊ አልዘረግፍም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠርኳት ፊደል ለዚህ ትበቃለች። ከተጣመመች አንቺው አቃኛት፤ ማቃናት የሚያውቅ ሰው አንቺ ብቻ የሆንሽ ይመስልሽ የለ?

ዳማ ሞተ።

ፈረሴን ሸጬ የገዛሁትን ፒካፕ በፈረሴ ስም ስጠራው ትስቂ ነበር። አሁንም ሳቂ። ከአልዩ አምባ ሽንኩርት ጭኜ፣ ከሽንኩርቱ ላይ ገበያተኛ ተጭኖ፣ ያንን የምታውቂውን ዳገት ስወጣ የሙቀቱ ቀስት ቀዩን ነካ። አቆምኩ። እናትሽ ታደርገው እንደነበረው ጀሪካኑን አውጥቼ አጠጣሁት። ተነሣ። ጥቂት እንደወጣ ከኋላው ነጭ ጭስ ለቀቀ፣ ገደሉ ሁሉ ጉም የገባበት መሰለ። ከዚያ አንዴ ቋ አለና ቀጥ። የዘይቱን መለኪያ መዝዤ ባየው፣ ያ ጥቁር ዘይት ነጥቶ የገብስ አጥሚት መስሏል። ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል። ይህንን ለማወቅ እንኳ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

አንዷ ሴትዮ «ሽንኩርቴ በሰበሰ!» ብላ ኡኡ አለች። አንዱ ወሮበላ ከላይ ሆኖ «አባባ፣ ዳማ ገብስ ይስጡት፣ ናፍጣ አልተስማማውም» ሲል የተጫነው ሁሉ ሳቀ። ምጥ የያዛትን ሚስቱን በውድቅት ወደ ሐኪም ቤት ያወጣሁለት ሰው ነው። እሱም ወርዶ፣ ሳይሰናበተኝ፣ በእግሩ ሄደ።

የሽንኩርት ነጋዴ የጭነት መኪና በሰንሰለት አስሮ እስከ ደብረ ብርሃን ጎተተው። በጎረቤላ መሃል፣ በገበያ ቀን! እኔ መሪ ይዤ ተቀምጫለሁ፣ ሞተር የሌለው መሪ። ፈረስ ሞቶብኝ ቢሆን «እግዜር ያጥናህ» የሚለኝ አላጣም ነበር። ለመኪና ግን ሰው ይስቃል።

ደብረ ብርሃን ላይ ጋራዥ እንደ አሸን ፈልቷል፤ መካኒክ ግን ፈልጊ። የመጀመሪያው ገና ሞተሩን ሳያይ «ናፍጣው ነው፣ ከላምባ ቀላቅለው ሸጠውልዎት ነው» አለና የናፍጣ መርጫዎቹን ፈታ። ቀላቅለው ይሆናል፤ ማደያ ላይ ተሰልፈሽ አድረሽ የምታገኚው ናፍጣ ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል። አዲስ መርጫ ገባ፣ ዳማ ግን እዚያው። ሁለተኛው «የለም፣ ፓምፑ ነው» አለ። እሱም ፈታ። መልሶ ሲገጥም ብሎን ተረፈው።

«ይሄስ?» አልኩት።

«ትርፍ ነው አባባ።»

ትርፍ ብሎን የሚልክ ፋብሪካ በየትኛው አገር ነው ያለው? ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ግን ቡዳ እንኳ አጣሁ፤ የሚያውቅ ጠፋ።

በመጨረሻ መካኒኩ ወገኔ ጋ ወሰድኩት፤ ከአንቺ ጋር ቴክኒክና ሙያ የተማረው፣ ያ ቀጭኑ። እሱ እንኳ ከመንካቱ በፊት ሞተሩን ዞር ዞር ብሎ አዳመጠው። ከዚያ የራዲያተሩን ውሃ ሊያፈስ መድፈኛውን ያዘ። «ቆይ! መሬት ላይ አይደፋም» አልኩና የእናትሽን ጀሪካን ከሥሩ ደቀንኩ። ጠበል እግር የሚረግጠው ላይ አይደፋም፤ ያውም በዚያ በዘይት በጨቀየ ጋራዥ። ልጁ አየኝና ጀሪካኑን ያዘልኝ። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታ የምትሉትን፣ አወረደው። በክዳኑና በሞተሩ መሃል የሚገባው ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ክዳኑም ተሰንጥቋል። ውሃው የሚያልፍበትን ቀዳዳ በሽቦ ጫር ጫር አደረገና ነጭ ፍርፋሪ መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መካኒኩ አንተ፣ ጠያቂውም አንተ?»

«ድንጋይ ነው። የውሃው መንገድ ሁሉ ተደፍኗል። ውሃ ካልዞረ ሞተሩ መጋሉ፣ ክዳኑም መሰንጠቁ አይቀርም። ምን ውሃ ነው የሚሞሉበት?»

«ንጹሕ ውሃ።»

«የምንጭ?»

የጀሪካኑን ክዳን አጠበቅኩ።

«መስከረም አልነገረችዎትም እንዴ?»

ይኼኔ ደሜ ፈላ። «የፈታኸውን አምጣ» አልኩት። «አባባ፣ የተከፈተ ሞተር በምን ይወስዳሉ?» አለኝ። «በማዳበሪያ» አልኩት። በማዳበሪያ ከቶ ሰጠኝ። እየተከተለኝም «አባባ፣ ክዳኑ እጅ ያለው ሰው ካገኘ ይበየዳል፣ አይጣሉት» ይላል። ዞሬ አላየሁትም። አሁን ዳማ እንደገና ተጎትቶ መጥቶ፣ ሆዱ ተከፍቶ፣ አንጀቱ በማዳበሪያ ተቋጥሮ፣ ግቢዬ ውስጥ ቆሟል። ጋቢናው ውስጥ ዶሮ ያድርበታል።

እስቲ ልጠይቅሽ። ያ ውሃ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አታውቂም፤ ሕፃን ነበርሽ። ዳማን በገዛሁ በመጀመሪያው ጉዞ፣ እዚያው ዳገት ላይ ፈላ። እናትሽ እናናየሁ አጠገቤ ነበረች፣ ለታመመች እህቷ ከሚካኤል ጠበል የቀዳችውን ጀሪካን በጉልበቷ ይዛ።

«አፍስስበት» አለችኝ።

«ለእህትሽ አይደለም እንዴ?»

«አንተ ሰውዬ! መኪናው ካልደረሰ ጠበሉ በምን ይደርስላታል?»

አፈሰስኩት። ዳማ እንደ ሰለጠነ ፈረስ ዳገቱን ወጣ። እህቷም ዳነች። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በሚካኤል ቀን አንድ ጀሪካን ለቤት፣ አንድ ጀሪካን ለዳማ ሆነ። ራዲያተሩን ከፍታ፣ በስመ አብ ብላ የምታፈሰው እሷ ነበረች። እኔ ነዳሁት እንጂ አላጠጣሁትም። እሷ ከሞተች በኋላ ጀሪካኗን ይዤ ወደ ምንጩ የወረድኩት… ታዲያ ሌላ ምኗን ይዤ ልውረድ?

አንቺ ግን በተዝካሯ ቀን፣ እንግዳው ገና ከመቀመጡ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያዋን ከምድጃ አነሣሽ። «አባዬ፣ ውስጡን ይዩት። ይሄ ነጩ ቅርፊት ነው ሞተሩንም የሚደፍነው። ያ ውሃ ድንጋይ አለበት። ለራዲያተር የተሠራ፣ ቀለም ያለው ውሃ አለ፤ ልግዛልዎት» አልሽ። ሰው ሁሉ እንጀራውን ይዞ ሰማ። የእናትሽ መቃብር አፈር ሳይጠጥር፣ በእጇ ያጠጣችውን ድንጋይ አልሽው። ማታ ለብቻዬ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ያኔም እቆጣ ነበር፤ አውቃለሁ። ግን አልምልም ነበር።

ከወገኔ በኋላ የነፍስ አባቴን አባ ወልደኪዳንን ጠየቅኋቸው። እሳቸው ይፈርዱልኛል ብዬ።

«አባ፣ ጠበል ሞተር ይጎዳል?»

«ወልደተንሣኤ፣ ጠበል ለሰው ነው። ብረት ምን ኃጢአት አለበትና?» ብለው ሳቁ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ጋቢና ተቀምጠው ስታጠጣው ሲያዩ ለምን አልተናገሩም?»

መስቀላቸውን ከዚህ ወደዚያ አገላበጡ። «እናናየሁ ደስ ይላት ነበር። እኔም… በነፃ እሄድ ነበር» አሉኝ።

እግዜር ያሳይሽ! ዝም ያለው ሁሉ በነፃ ተጭኖ የኖረ ነው። የተናገረችውን እኔ አባረርኩ። ይህችን የመጨረሻዋን ልሰርዛት ነበር፤ ወረቀቱ እንዳይበላሽ ብዬ ተውኳት።

አሁን ብረት የሚሰበስብ ነጋዴ መጥቷል። ዳማን በጫማው እየመታ ዞረው። በጫማው! «አባባ፣ እኛ በኪሎ ነው የምንገዛው። እዚሁ ቆራርጠን እንጭነዋለን» አለኝ። በኅዳር ሚካኤል ማግሥት መቁረጫውን ይዞ ይመጣል። እሺ አላልኩትም፣ እምቢም አላልኩትም። ጎረቤቱ ሁሉ «ሽጠው ወልደተንሣኤ፣ አርጅተሃል፣ ከዚህ ወዲያ ዳገት ለምንህ ነው» ይለኛል። ዳማ ከተቆረጠ እኔ ማን ነኝ? ከገብስ ማሳ ጥግ ተቀምጦ ወፍ የሚያባርር ሽማግሌ። ሰው ሲያልፍ «ድሮ መኪና ነበራቸው» እየተባለ። ይህንን የጻፍኩልሽ እንድታውቂው ያህል ነው። ነይ አላልኩም።

ትናንት ያንን በጀሪካኑ የያዝኩትን ውሃ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከአልጋዬ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ማታ ማታ ባየው ባየው እንቅልፍ ነሣኝ። ቀይ ነው፣ ዝገት፤ ከላዩ ዘይት ያንጸባርቃል። ከእናትሽ መቃብር ራስጌ ካለው ጽድ ሥር፣ ሰው ከማይረግጠው፣ አፈሰስኩት። እሷ የጀመረችው ነው፤ ለእሷ መለስኩላት። ቤት ስገባ ማንቆርቆሪያዋን አወረድኩ። ከተዝካሩ ቀን ጀምሮ ጥጄው አላውቅም። ክዳኑን ከፍቼ ደጅ አወጣሁና ወደ ፀሐይ አዘንብዬ ውስጡን አየሁት።

ምን እንዳየሁ አልጽፍልሽም።

የፊታችን ሚካኤል የምቀዳው አንድ ጀሪካን ብቻ ነው፤ ለቤት። ራዲያተሩ ባዶ ነው። ምን እንደሚሞላበት አልጠየቅሁሽም።

ማዳበሪያውን ከአልጋዬ ሥር አግብቼዋለሁ፣ ዶሮ እንዳይጫወትበት። የተሰነጠቀውን ክዳን በእናትሽ አሮጌ ነጠላ ጠቅልዬዋለሁ፤ የዚህ አገር ጉም ብረት ያዝጋል። ምህረቱ «ልጅዎ የተሰነጠቀ ቴስታታ ታስነሣለች» ይላል። ሾፌር ውሸታም ነው። ቢሆንም ብሎኖቹን ሁሉ በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ በየወገናቸው ለይቼ፣ በቆርቆሮ አስቀምጫለሁ። አንድም ትርፍ የለም።

ምርቃት አልነፍግሽም፤ መሐላዬ ምርቃትን አልነካም። የምትጎነበሺበት ወገብ አይክዳሽ። መኪና ያነሣሽበት ክሪክ አይንሸራተትብሽ፤ ሚካኤል ትከሻውን ከክሪክሽ ጎን ያቁምልሽ። እጅሽ የነካው ሁሉ ይነሣ። የአፋሩ ፀሐይ ይብረድልሽ፤ የሰው ምላስም እንደዚሁ።

ትንሽ ሳለሽ እኔ ከዳማ ሥር ስገባ ባትሪ የምትይዢልኝ አንቺ ነበርሽ። ክንድሽ ሲዝል ብርሃኑ ዓይኔ ላይ ይወድቃል፣ እጮህብሻለሁ፤ አንቺ ደግሞ አታለቅሺም፣ እጅ ትቀይሪ ነበር። ያቺ ባትሪ ዛሬም አለች። አዲስ ድንጋይ ገዝቼ አስገብቼባታለሁ። ምናልባት የእናትሽን መቃብር ልታዪ ከሚካኤል በፊት በዚህ ብታልፊ፣ የግቢው በር አይቆለፍም። እኔ አላናግርሽም፤ መሐላ መሐላ ነው።

ባትሪ የሚይዝ ሰው ግን አፍ አያስፈልገውም።

አባትሽ
ወልደተንሣኤ