ቆማ የምትጓዝ ታንኳ

ውድ ወንድሜ ራፉይ፣

ለሙት ደብዳቤ መጻፍ ሥርዓት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን በሕይወት ሳለህ ልነግርህ የሚገባኝን ቃል ሠላሳ አንድ ዓመት አሳድሬዋለሁ።

ከዋናው ደሴት ከቹክ የመምህርነት ዲፕሎማዬን ይዤ ወደ ደሴታችን በተመለስሁበት ዓመት፣ በከዋክብት የምትመራበትን የባሕር መንገድ ጥበብ እንድታስረዳ ወደ ክፍሌ የጋበዝሁህ እኔው ነበርሁ። ጠጠሮችህን በከዋክብት መውጫና መግቢያ አምሳል ምንጣፉ ላይ በክብ ደረደርህ፤ መካከላቸውም ከዘንባባ ቅጠል የተሠራች ታንኳ አኖርህ።

«ታንኳዋ ቆማለች» አልሃቸው ልጆቹን። «ከመንገዳችን በጎን ያለችው፣ ከአድማስ ማዶ ሆና ዓይናችን የማያያት ደሴት ናት ወደ ኋላ የምትሄደው። ከዚህ ኮከብ ሥር ተነሥታ እዚያኛው ሥር ስትገባ፣ እኛም ደረስን ማለት ነው።»

«ደሴት ደግሞ መቼ ነው እግር ያወጣችው?» አልሁ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ።

«ጋሼ፣ እስቲ ዓይንህን ጨፍንና ታንኳዋ ላይ ውጣ።»

«ከጨፈንሁማ አንኮራፋለሁ እንጂ ምን አያለሁ? ይህ የሳይንስ ክፍል ነው፤ ተረቱን እቤትህ አውራው!»

ጠጠሮችህን አንድ በአንድ ለቅመህ ወጣህ። ከዚያ ቀን በኋላ ማንንም አላስተማርህም። ልጅህ ሎሬንሶ በለመነህ ቁጥር፣ «አጎትህ አለልህ አይደል? የተማረው እሱ ነው!» ትለው ነበር አሉ።

እኔ ግን በዚያው ክፍል፣ «መስኮት በሌላት መርከብ ሆድ ውስጥ እንዳላችሁ አስቡ። ባሕሩ ጸጥ ብሏል። መርከቢቱ ትሂድ ወይም ትቁም በምን ታውቃላችሁ?» እያልሁ አስተምር ነበር። ማንም ሳይሳፈር፣ በሐሳብ ሙከራ ብቻ የእንቅስቃሴ ሕግ እንደሚገለጥ በኩራት እናገር ነበር። አንተን ከቀበርን በኋላ የትምህርት ማስታወሻዬን ሳገላብጥ ያንን ጥያቄ በገዛ እጅ ጽሑፌ አነበብሁትና ደነገጥሁ። ከውስጥ ላለ ሰው መርከቢቱ ቆማለች ማለትም ይቻላልና፣ ያንተው ታንኳ ነበረች። ደሴት እንደማትሄድ ከእኔ አብልጠህ ታውቅ ነበር፤ በአእምሮህ ያስኬድሃት፣ ዳርቻ የሌለውን ባሕር የምትለካበት ሌላ መስፈሪያ ስላልነበረህ ነው። እኔ በሐሳብ ሙከራዬ ተማሪ ስፈትን፣ አንተ በሐሳብ ሙከራህ ሰውን በሕይወት አገሩ ታደርስ ነበር።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ታንኳ ቤቱ ሄድሁ። እዚያ በተሰበሰቡት ጎረምሶች ሁሉ ፊት ሎሬንሶን፣ «አባትህ ልክ ነበር፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» አልሁት።

ሎሬንሶ በእጁ የያዘውን ገመድ አስቀመጠ። ከዚያም፣ «እሺ አጎቴ፣ ታንኳዋ ትቁም» አለኝ። «ደሴቲቱ መጀመሪያ ከየትኛው ኮከብ ሥር ነው የምትነሣው?»

«አላውቅም።»

«ቀጥሎስ የት ትገባለች?»

«አላውቅም፣ ልጄ።»

ሎሬንሶ መንገዱን የሚነግረው እንደሌለ ገብቶት ተነሣና የታንኳህን ሸራ ከተሰቀለበት አወረደ፤ ለብቻውም አጠፈው።

ይቅርታ አልለምንህም፤ ሰጪው አንተ የለህምና። ነገር ግን ዕድሜዬ እስኪያልቅ፣ ይህን ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ መልሱን የሚያውቅ ሰው እንደነበረና ዝም ያሰኘሁትም እኔ እንደሆንሁ እናገራለሁ።

ታላቅ ወንድምህ፣
ኤዌሪክ